የሂት ፓምፓችንን ቴርሞስታት የቀየርኩበት ጥር

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ቤት ከመግዛታችን በፊት አሥራ አንድ ዓመት የኖርነው በአፓርትመንት ነበር፤ በአፓርትመንት ኑሮ ደግሞ ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ሰው የለም፤ ሲበርድ ለአስተዳዳሪው ይደወላል፣ ሲሞቅ መስኮት ይከፈታል። ቤቱን ስንረከብ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ቧንቧውና ስለ ግብሩ በጥያቄ አሰልቺ የነበርኩት ሰውዬ፣ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለችው፣ ከዕድሜ ብዛት ቢጫ ስለሆነችው የፕላስቲክ ሣጥን፣ ማለትም ማሞቂያውን ስለምታዘው ቴርሞስታት፣ አንድም ነገር አልጠየቅሁም። እንደ አምፑል ማብሪያ ያለች ነገር ትመስለኝ ነበር።

እናቴ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዚያው ዓመት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ውጭው በረዶ ሆኖ ሲያድር እጇን ከወለሉ የአየር መውጫ ላይ ዘርግታ «ይኼማ ነፋስ ነው እንጂ ሙቀት አይደለም፤ ልጄ፣ ዕቃህ ተበላሽቶብሃል» አለችኝ። እኔም እጄን አስጠግቼ ሳየው የእሷ ፍርድ ትክክል መሰለኝ። በሣጥኗ ላይ «የድንገተኛ ጊዜ ሙቀት» የሚል ማብሪያ ነበርና፣ እናት ከአፍሪካ መጥታ ቤት ውስጥ ጋቢ ደርባ ከመቀመጥ የበለጠ ምን ድንገተኛ ነገር አለ ብዬ ወደዚያ ገፋሁት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚወጣው አየር የሚለበልብ ሆነ፤ እናቴም መረቀችኝ። ደስታችን የቆየው የመብራት ቢሉ እስኪመጣ ድረስ ብቻ ነበር፤ ከ400 ዶላር በላይ ነበር የመጣው።

ነገሩ የገባኝ ከከፈልኩ በኋላ ነው። ሂት ፓምፕ እንደ ምድጃ ሙቀት የሚፈጥር ሳይሆን ከውጭው አየር ላይ ሙቀት ለቅሞ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን ነው። ውጭው ምንም ቢበርድ የሚለቀም ሙቀት አይጠፋም፤ በቧንቧው የሚዞረው ጋዝ ከውጭው አየር ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ ያንን ሙቀት ይስባል፣ ኮምፕሬሰሩ ሲያምቀው ደግሞ ይግላል፤ የፍሪጅ ጀርባ የሚሞቀውም በዚሁ አሠራር ነው። በዚህ መንገድ ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ ሁለት ወይም ሦስት እጅ ሙቀት ይገኛል። ዳሩ ግን የሚነፍሰው አየር ከሰውነታችን ሙቀት ብዙም ስለማይርቅ እጅ ላይ ሲያርፍ ቀዝቃዛ ይመስላል፤ እናቴን ያሳሳታት ይኸው ነው። «የድንገተኛ ጊዜ» የሚባለው ግን ውጭ ያለውን ማሽን ያቆምና ቤዝመንት ባለው የአየር ማሰራጫ ሣጥን ውስጥ የተዘረጉትን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦዎች ብቻ ያግላል። የእኛዎቹ 10 ኪሎዋት ናቸው፤ ሦስት የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ሰክቶ ቀኑን ሙሉ እንደ መተው ማለት ነው። የውጭው ማሽን ሲበላሽ ሰው በብርድ እንዳያድር የተሠራ እንጂ ለብርዳም ቀን የታሰበ አይደለም።

በዚህ ተናድጄ፣ ስልክ ላይ ፍጆታ የሚያሳይ አዲስ ቴርሞስታት በቅናሽ ገዛሁ። እሑድ ማታ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ ካለቀ በኋላ ካቻቢቴ ይዤ ተነሣሁ። ሥልጡን ሰው መሆኔን ለማሳየት አስቀድሜ ወደ ቤዝመንት ወርጄ «ሂት ፓምፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ባለ 30 አምፔር ብሬከር አጠፋሁ፤ የቴርሞስታቷ መስኮትም በራሷ ባትሪ ትሠራ ስለነበር ባትሪዋን አወጣሁና ሁሉም ነገር ሞቷል ብዬ ደመደምኩ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ስፈታ ቀዩ ከእጄ አምልጦ ከኋላ ተጠቅልሎ ከነበረ ትርፍ ሰማያዊ ሽቦ ጫፍ ጋር ተነካካ። ክብሪት ሲጫር እንደሚታየው ያለች ብልጭታ አየሁ፣ ከዚያ ዝም። አዲሱን አስሬ ብሬከሩን ብመልስ፣ አሮጌውን መልሼ ባስር፣ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም።

ሌሊቱን ውጭው 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ወረደ። እናቴ በእርጋታ «ለዕጣኑ የገዛኸው ከሰል አለ አይደል? አንድ ማንደጃ አቀጣጥለን ብንገባ ይበቃናል» አለችኝ። እንዲህ ስትል በአገራችንም ከሰል ይዘው ተኝተው ያልተነሡ ሰዎችን ታሪክ የማታውቅ ሆና አይደለም፤ ብርድ ሰውን ያስረሳል። እዚህ አገር ቤቶቹ ነፋስ እንዳያስገቡ ተደርገው ስለሚደፈኑ የከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚወጣበት ቀዳዳ አያገኝም፤ ሽታም ቀለምም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ያሸልበዋል። «እማዬ፣ ከሰሉ ከበሩ ውጭ ይደር» አልኳትና ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ገብተን አንዲት 1500 ዋት ማሞቂያ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰክተን፣ ከብርድ ልብሱ አንድ ሜትር ያህል አርቀን አደርን። ማራዘሚያ ገመድ ላይ አለመሰካቴ በዚያ ቀን የሠራሁት ብቸኛ ትክክለኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው፣ በዚህ ሙያ ከሃያ ዓመት በላይ የሠሩ ጋሼ ከሥራ ሲመለሱ ጎራ አሉልን። ያደረግሁትን ሁሉ ስተርክላቸው ሳይሥቁ ሰሙኝና «ፎቶ አነሣኸው?» አሉኝ። አላነሣሁም። «እንግዲያው ቀለሙን አምነህ ነው የፈታኸው» አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቀይ ለኃይል፣ ቢጫ ለኮምፕሬሰር፣ አረንጓዴ ለማራገቢያ፣ ብርቱካናማ ለሙቀትና ቅዝቃዜ መቀያየሪያው ቫልቭ፣ ነጭ ለረዳት ማሞቂያው (ለእነዚያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦዎች)፣ ሰማያዊ ለኃይሉ መመለሻ መሆናቸው ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እኛ ቤት ለምሳሌ ከቫልቩ ጋር የታሰረው ቡናማ ነበር፤ ቀድሞ የሠራው ሰው ብርቱካናማው ተቆርጦበት ይሁን ሰንፎ አይታወቅም። ሽቦ የሚታወቀው በታሰረበት ብሎን ላይ በተጻፈው ፊደል እንጂ በለበሰው ቀለም አይደለም፤ ስለዚህ ከመፍታት በፊት ጥርት ያለ ፎቶ ማንሣትና በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ፊደሉን የያዘች ወረቀት መለጠፍ ግዴታ ነው። እኔ ይህን ባለማድረጌ ጋሼ ቤዝመንት ወርደው የትኛው ቀለም የት እንደታሰረ ከአየር ማሰራጫው ሣጥን ሰሌዳ ላይ እያነበቡ ሊጽፉልኝ ግድ ሆነ።

ሣጥኑን ከመክፈታቸው በፊት ያደረጉትን እስካሁን አልረሳውም። ከብሬከሮቹ መካከል ጽሑፉ የደበዘዘ ባለ 60 አምፔር አሳዩኝና «ቴርሞስታትህ የሚበላው ከዚህ ነው» አሉኝ። እኔ ያጠፋሁት የውጭውን ማሽን ብቻ ነበር፤ ወደ ቴርሞስታቱ የሚሄደውን 24 ቮልት የሚያወጣው ትራንስፎርመር ግን ያለው አየር ማሰራጫው ውስጥ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ የሚመገበው ከ240 ቮልት ነው። 24 ቮልቱ ሰው አይገድልም፤ ዕቃ ግን ያቃጥላል። የሣጥኑን ክዳን ኃይሉ ሳይጠፋ የሚከፍት ሰው የሚገናኘው ግን ከ240ው ጋር ነው። ሁለቱንም ብሬከር አጥፍተው፣ ቤተሰቡ እንዳይነካው ወረቀት ለጥፈውበት፣ ከዚያም አላመኑትም፤ መልቲሜትራቸውን (የኤሌክትሪክ መለኪያቸውን) መጀመሪያ ሕይወት ባለው መሰኪያ ላይ ሞክረው መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ ነው ሣጥኑ ውስጥ የለኩት። ሽቦ ሳይነካ መብራት የሚያሳየው እስክርቢቶ መሰል ቴስተር ለ24 ቮልቱ እንደማይታመን የነገሩኝም ያኔ ነው።

ሰሌዳው ላይ እንደ መኪና ፊውዝ ያለች ሐምራዊ ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ተቃጥላ ተገኘች። ቀዩና ሰማያዊው ሲነካኩ ትራንስፎርመሩን ያዳነችው እሷ ነች፤ ፊውዝ በሌላቸው አሮጌ ሣጥኖች ትራንስፎርመሩ ራሱ ይሄድ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ባለ 10 ትርፍ ፊውዝ እንዳለ ብነግራቸው ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «ባለ 10ሯን አስገባና ቀጥሎ የሚቃጠለውን አብረን እናያለን» አሉ። ባለ 3 አምፔሯን ከመኪና ዕቃ መደብር ገዝቼ መጣሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው የሽቦ ሥራ ፈጣን ነበር። አሮጌዋ በባትሪ ትሠራ ስለነበር ሳይታሰር የቀረው ሰማያዊ ሽቦ፣ አዲሱ ቴርሞስታት ያለማቋረጥ ኃይል ስለሚፈልግ «ሲ» በሚለው የመመለሻ ቦታ ላይ ታሰረ፤ ኃይሉ ሲመለስ በቀዩና በእሱ መካከል 26 ቮልት ተለካ። ጋሼ እግረ መንገዳቸውን በአንዳንድ አሮጌ ማሽኖች «ቢ» የሚለው ፊደል የቫልቭ ሳይሆን የመመለሻ ሽቦ እንደሆነና ይህን የማያውቅ ሰው አዲስ ቴርሞስታት እንደሚያቃጥል ነገሩኝ። ሽቦው የሚወጣበትን የግድግዳ ቀዳዳም በማሸጊያ ደፈኑት፤ በግድግዳው ውስጥ የሚመጣው ቀዝቃዛ ነፋስ ጀርባውን ሲመታው ቴርሞስታቱ ቤቱን ከእውነተኛው ይልቅ ቀዝቃዛ አድርጎ ያነበዋል።

እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ በኔ ግምት ትልቁ አደጋ የነበረው ግን ከዚህ በኋላ በሚመጡት ጥያቄዎች ላይ ነው። ቴርሞስታቱ ሲበራ «የማሞቂያዎ ዓይነት ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ቤቱ ጋዝ ስለሌለው «የኤሌክትሪክ ምድጃ» የሚለውን ልነካ ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ያንን ብመርጥ ኖሮ ኮምፕሬሰሩ ለሙቀት ሳይጠራ እነዚያ ሦስት ምጣዶች ብቻ ሲነዱ ይከርሙ ነበር፤ ምንም የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አይኖርም፣ ቤቱም ይሞቃል፣ ቢሉ ብቻ ነው የሚናገረው። ቀጥሎ ቫልቩ ኃይል የሚያገኘው ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ የሚል መጣ። በብዙዎቹ ማሽኖች ሲቀዘቅዝ ነው፣ በአንዳንዶቹ ግን ተቃራኒው ነው፤ ከተሳሳተ ሙቀት ሲጠየቅ ቅዝቃዜ ይነፍሳል። የእኛው ሰሌዳ ላይ ሲቀዘቅዝ ማለት የሆነው «ኦ» ስለተጻፈ የመጀመሪያውን መረጥንና ሙቀት አዘዝን። አምስት ደቂቃ ምንም አልተንቀሳቀሰም፤ እኔ ደግሜ ደጋግሜ ልነካካው ስል «ተወው፣ ኮምፕሬሰሩን እየጠበቀው ነው» አሉኝ። ኮምፕሬሰር ቆሞ ወዲያው ሲነሣ ስለሚጎዳ ቴርሞስታቱ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። በመጨረሻ የውጭው ማሽን ተነሣ፣ አየሩም ለብ ብሎ መጣ። የማቀዝቀዣውን ሙከራ ግን በዚያ ብርድ ማሽኑን ማሠራት አይገባም ብለው ለሚያዝያ አቆዩት።

ረዳት ማሞቂያው የውጭው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሲሆን እንዳይነሣ አዘዝነው። ቤቱንም 68 ላይ ተከልነው፤ በእኛው አቆጣጠር 20 ዲግሪ መሆኑ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በአሥር ዲግሪ ዝቅ አድርጌ ማታ ከፍ የማድረግ ልማዴን ጋሼ አልወደዱትም፤ ሂት ፓምፕ ቀስ ብሎ የሚያሞቅ ስለሆነ ያን ያህል ልዩነት በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ረዳቱን ይጠራል፣ ቀን የተቆጠበውም ማታ ይበላል።

ሁለት ነገሮች ግን ጋሼም አልገመቱም ነበር። የመጀመሪያው እናቴ በሦስተኛው ቀን «ውጭ ያለው ዕቃ እየነደደ ነው!» ብላ በነጠላ መሮጧ ነው። ከማሽኑ የሚትጎለጎለው ግን ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነበር፤ በብርድ ጊዜ ውጭው ላይ በረዶ ሲጋገርበት ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ አሠራሩን ገልብጦ ሙቀቱን ወደ ውጭ በመላክ ያቀልጠዋል። ሁለተኛው የቡናው ነገር ነው። ረከቦቱ የሚዘረጋው ከቴርሞስታቱ ሥር ነበርና እናቴ ቡና ስትቆላ የኤሌክትሪክ ምድጃዋ ሙቀት ሽቅብ ወጥቶ ቴርሞስታቱን ያታልለዋል፤ እሱ 74 እያነበበ ማሽኑን ሲያቆም ልጆቹ ፎቅ ላይ ካልሲ ይደርባሉ። ቴርሞስታቱን ለማዛወር አዲስ ኬብል መሳብ ስለሚያስፈልግ ረከቦቱ ተዛወረ። እናቴ ማዕዘኑን እስካሁን አልለመደችውም።

ባለፈው ሳምንት ሜሪላንድ የሚኖር የሥራ ባልደረባዬ እንደኔው በቅናሽ ገዝቶ «አንተ ሠርተሃል አሉ፣ ና ግጠምልኝ» ብሎ ደወለ። አሮጌውን ሳይፈታ ክዳኑን ብቻ አንሥቶ ፎቶ እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። የላከው ፎቶ ላይ እንደ ጠፍር የወፈሩ ሁለት ጥቁርና ሁለት ቀይ ሽቦዎች በፕላስቲክ ቆብ ተጠምዝዘው ይታያሉ፤ የግድግዳ ሥር ማሞቂያ ነው፣ 240 ቮልቱ በቀጥታ በዚያች ሣጥን ውስጥ ያልፋል፣ የእሱ አዲስ ቴርሞስታት ደግሞ ለ24 የተሠራ ነው። ክዳኑን መልስ፣ አትንካው፣ ቤቱም የኪራይ ስለሆነ ለባለቤቱ ንገረው አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ «ካርቶኑን ቀድጄዋለሁ እኮ፤ ይመልሱልኝ ይሆን?» አለኝ። ደረሰኙን ይዞ እንዲሄድ ነገርኩት።