ኪስ ውስጥ ያለ ሎሚ

ታናሽ እህቴ ባለፈው ጥምቀት ጃንሜዳ በስልኳ የቀረጸችውን አጭር ፊልም አቀናብራ ጨርሳ እሑድ ዕለት ቤት ውስጥ አሳየችን። ታሪኩ ይኼው ነው፦ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለአንዲት የሰፈሩ ልጅ ሎሚ መወርወር አምሮታል፣ ግን ዓይን አፋር ነው። በፊልሙ ማንም አይናገርም።

ብልጠቷ ልጁን ምንጣፍ አንጣፊ ማድረጓ ላይ ነው። ታቦቱ ያለፈበትን ቀይ ምንጣፍ ጠቅልለው፣ ተሸክመው፣ ሮጠው ከፊት የሚዘረጉትን ወጣቶች ታውቋቸዋላችሁ። ልጅቷ በአጠገቡ ባለፈች ቁጥር እሱ ወይ አጎንብሷል፣ ወይ ትከሻው ላይ ጥቅል አለ። እጁ ነጻ ሲሆን ደግሞ እሷ ከእናቷ ኋላ ተሸሽጋለች። ሥራ ስለበዛበት እንጂ ስለፈራ አይደለም እንግዲህ! (ይህችን ሰበብ እኔም በደንብ አውቃታለሁ።)

ጥር 10፣ በከተራ፣ ሎሚው ውጥር ያለ ነው። በማግስቱ ኪሱ ውስጥ ሲያሻሸው ውሎ ልጣጩ በጥፍር ተቧጥጧል። ካሜራው እዚያው አውራ ጣቱ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ልጁ ጣቱን ያሸታል፣ ዞር ብሎ ማንም እንዳላየው ያረጋግጣል፣ መልሶ ኪሱ ይከተዋል። ደግነቱ የሰፈራቸው ታቦት የሚካኤል ነው። ሌሎቹ በ11 ሲገቡ እሱ በ12፣ በቃና ዘገሊላ ስለሚመለስ አንድ ቀን ተረፈው።

በዚያ በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ከጓደኞቿ ወደኋላ ቀረት ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ልታስር ጎንበስ ትላለች። ጫማዋ ማሰሪያ የለውም። እኔ ከፊልሙ ሁሉ የወደድኩት ይህችን ነው።

ሌላ ሰው ቢሠራው ኖሮ እዚህ ጋ ክራር ይለቅበት ነበር፤ አንዱ ጓደኛውም መጥቶ «ወደድካት እንዴ?» ብሎ ይገላግለን ነበር። እህቴ ከበሮውንና እልልታውን እንደተቀዳ ተወችው። ያ ሁሉ ሕዝብ እየጮኸ የልጁ ዝምታ ጎልቶ ይሰማል። የምንጣፉ ሩጫ ግን መሐል ላይ ትንሽ በዝቷል፤ ነግሬያታለሁ፣ አትቆርጠውም።

ሲያልቅ እማዬ፣ «እና ወረወረ አልወረወረም?» አለች።

እህቴ ትከሻዋን ነቀነቀች።

«ምን ያስፈራዋል? አባትሽ እንኳን ወርውሮ የለ። የመታው አክስትሽን ሆነ እንጂ።»

አባዬ ከመኝታ ቤት ጮኸ፦ «ሰው ገፍቶኝ ነው አልኩሽ!»