ሐምራዊ ብሮኮሊ በባሕር ዳር ጓሮ

ገበያ ላይ የምናውቀው ብሮኮሊ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ራስ ያወጣል፤ እሱ ከተቆረጠ በኋላ ቢያቆጠቁጥም ጥቂት ነው። ሐምራዊው ጠባዩ ሌላ ነው። ራሱ ትንሽ ናት፤ እሷ ስትቆረጥ ከየቅጠሉ ብብት ቀንበጥ ያወጣል፣ በቀነጠሱት ቁጥርም ደግሞ ያቆጠቁጣል። ለጓሮ የመረጥኩት ለዚህ ነው፤ እንደ ሐበሻ ጎመን ለዕለት ወጥ የሚበቃውን ለቅሞ መግባት ይቻላል።

ዘሩን ወንድሜ ከእንግሊዝ ሲመጣ ሁለት ዓይነት ይዞልኝ መጣ። አንደኛው የድሮው ነው፤ እዚያ አገር በጸደይ ተዘርቶ፣ የብርዱን ወራት ቆሞ ከርሞ፣ የካቲትና መጋቢት ላይ የሚለቀም። አበባ ለመቋጠር ሳምንታት የዘለቀ ብርድ ይፈልጋል። ሁለተኛው ብርድ ሳይጠብቅ እንዲያፈራ የተዳቀለ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ታኅሣሥና ጥር ሌሊቱ ቢበርድም ቀኑ ይሞቃል። የድሮው እንደማይሆን ጠርጥሬ ነበር፣ ግን አይቼ ልመን ብዬ ጎን ለጎን ዘራኋቸው።

ዘሩ ሰናፍጭ ያክላል። መስከረም መባቻ ላይ፣ ከዳስ ሥር ባለ መደብ፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አስገብቼ ዘራሁ፤ በሳምንት ውስጥ በቀለ። ዝናቡ ሲያባራ ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ስለሚያወጣ ጥቅምት ላይ ማዛወር ነው። የግቢያችን አፈር ዋልካ ስለሆነ መደቡን ከፍ አድርጌ፣ የበሰበሰ ፍግ ጨምሬ፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ወደ ማታ ላይ ተከልኩ። ግንዱን እስከ ታችኛው ቅጠል ቀብሮ ዙሪያውን በእግር ጠበቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አፈሩ ከላላ ተክሉ ሲያድግ ይዘማል።

ከእምቦጩ ጎዝጉዢ የሚሉኝ አሉ። ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ጎርፍ ደግሞ መልሶ ጣና ያስገባዋል፤ ስለዚህ አልነካውም። የጤፍ ጭድ ይበቃኛል።

ትልቁ ሥራ ተባዩ ነው። በጋው ሲገባ ክሽክሽ ከቅጠሉ ሥርና ከቀንበጡ መሐል ይሰፍራል፤ በሳሙና ውሃ ካጠብኩት በኋላ በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። ትሉ የባሰ ነው። ትንሽ አረንጓዴ ናት፣ ሲነኳት ተወራጭታ በክር ተንጠልጥላ ትወርዳለች። የግብርና መድኃኒት ሱቅ ሄዶ መርጨት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በየሦስት አራት ቀኑ ቀንጥሰን የምንበላውን ነገር መርዝ ልረጨው አልፈለግሁም። ጠዋት ጠዋት በእጅ እለቅማለሁ፣ ችግኙ ጨቅላ ሳለ ደግሞ ያረጀ ስስ መጋረጃ አለብሰዋለሁ። የወባ አጎበር አይሆንም፤ መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ የሚበላ ነገር ላይ አይደረግም።

የተዳቀለው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ የገና ጾም ሳይፈታ ደረሰ። የመሐሉን ራስ ቀድሞ መቁረጥ ነው፤ የጎኑ ቀንበጥ የሚበረታው ያኔ ነው። ቢጫው አበባ ሳይፈነዳ መልቀም ደግሞ ግድ ነው። ከፈነዳ ግንዱ ይጠነክራል፣ አዲስ ማውጣቱንም ይቀንሳል። ለጥቂት ቀን ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ጎረቤት ለቅሞ እንዲበላ ቢነግር ይሻለዋል። የድሮው ዓይነት እስከ ሚያዝያ ቅጠል በቅጠል ሆኖ ቆመ። ቅጠሉ ይበላል፣ እኛም እንደ ጎመን ከትፈን ሠራነው፤ ቀንበጥ ግን አንድም አልሰጠም።

ስትቀቅሉት ሐምራዊ መልኩ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ አትደንግጡ። እኔ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ ቶሎ አገላብጬ አወጣዋለሁ። ጎረቤቴ እማማ ቀምሰው፣ «ልጄ፣ ይኼ ካበበ ጎመን በምን ይለያል?» አሉኝ፤ ሳህኑን ግን አልመለሱልኝም።

ከተዳቀለው የሚለቀም ዘር እናቱን ስለማይመስል ለሚመጣው መስከረም አዲስ ዘር አዝዣለሁ። የተረፈኝን የድሮውን ደብረ ታቦር ላለች እህቴ ሰጥቻታለሁ፤ እዚያ ከፍታው 2,700 ሜትር ገደማ ነው። ብርዱ ከበቃው መጋቢት ላይ ይታያል።