የመኪና መስታወት ላይ የሚቀረው መስመር ከየት እንደሚመጣ ገባኝ

ከስራ የምወጣው 11 ሰዓት ላይ ነው፣ ከቃሊቲ ተነስቼ በሳሪስ አድርጌ ወደ ቄራ ነው የምገባው፣ እና በዛ ሰዓት ፀሀይዋ በግራ በኩል ሹፌሩ መስታወት ላይ ነው የምታርፈው። ጠዋት ንጹህ የመሰለኝ መስታወት ያኔ ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ስፖኪዮ ማየት ራሱ ትግል ነው። አንድ ቀን ወደ ግራ ረድፍ ልቀይር መሪ ሳዞር አንድ ሞተረኛ በጥሩንባ አስደነገጠኝ፣ ኋላው ላይ እቃ ማድረሻ ሳጥን የጫነ ትንሽ ልጅ ነው፣ ለጥቂት ተረፈ። ስፖኪዮውን አይቼ ነበር እኮ፣ ግን ልጁ የነበረው በትክክል መስመሮቹ ብርሀን የያዙበት ቦታ ላይ ነው። ቤት ገብቼም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዛ በፊት ያልሞከርኩት አልነበረም፣ ላቫጆ በየሳምንቱ፣ ጋዜጣ፣ አቼቶ፣ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ሰማያዊ የመስታወት ማጽጃ ምናምን። ሲጸዳ ያምራል። ከዛ የፓርኪንግ ለመክፈል መስታወቱን ዝቅ አድርጌ መልሼ ስዘጋው መስመሩ ተመልሶ ይመጣል። ሰፈራችን ውስጥ የመስታወት ማንሻ የሚሰሩ አንድ ጋሼ አሉ፣ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ይሄን ስነግራቸው ምንም ሳይሉ በሩ አናት ላይ መስታወቱ የሚገባበትን ጥቁር ጎማ በጣታቸው ዳር እስከ ዳር ሄዱበት፣ ጣታቸው አመድ መስሎ ወጣ፣ ከዛ ጆሮዬ አጠገብ አምጥተው ሁለት ጣታቸውን ሲያሹት ክርር ክርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። አሸዋ ነው። "አየህ ልጄ፣ አንተ የምትወለውለው መስታወቱን ነው፣ ቆሻሻው ግን እዚህ ነው የሚያድረው" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበሩ ጎማ ጠርዝ ላይ እንደ ጸጉር ያለ ለስላሳ ነገር አለ፣ ስራው መስታወቱ ሲወርድ ውሀና አቧራ ወደ በሩ ውስጥ እንዳይገባ መጥረግ ነው። የጠረገውን አቧራ ግን እዛው ይዞት ይቀራል። በተለይ ከህዳር ጀምሮ ዝናብ ሲጠፋና መንገዱ ሁሉ ሲቆፈር በደንብ ይሞላል፣ ከዛ መስታወቱ በወጣ በወረደ ቁጥር ያንኑ አቧራ መልሶ ይቀባዋል። መቀባት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፣ አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በማዕድን ጥንካሬ መለኪያ 7 ነው፣ የመኪና መስታወት ደግሞ 5.5 አካባቢ፣ ስለዚህ አሸዋው መስታወቱን ይቧጭረዋል። የተቧጨረ ደግሞ አይታጠብም።

እና መጀመሪያ የሚጸዳው ጎማው ነው። እኔ የማደርገው መስታወቱን እስከ ታች አውርጄ፣ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ላይ እርጥብ ስስ ጨርቅ ጠቅልዬ በጎማው ስንጥቅ ውስጥ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው እጎትተዋለሁ፣ ጨርቁን እያለቀለቅኩ ንጹህ እስኪወጣ ድረስ። የመጀመሪያ ቀን ዘጠኝ ጊዜ ደጋግሜያለሁ፣ የወጣው ጭቃ ነው። በጎንና በጎን መስታወቱ የሚንሸራተትበት ቦይም አለ፣ እሱን በጥርስ ብሩሽ። በደንብ ሲደርቅ ቦዩ ውስጥ ብቻ ትንሽ የሲሊኮን ስፕሬይ፣ መስታወቱን እንዳይነካ መጀመሪያ ጨርቅ ላይ ነፍቶ ነው መቀባት። ናፍጣ ግን በፍጹም! እኔ መኪናዬን የማሳጥብበት ቦታ እንዲያብረቀርቅ ብለው ናፍጣ በነካ ጨርቅ ያብሱት ነበር፣ ናፍጣ ጎማ ያሳብጣል፣ ቅባቱ ደግሞ አቧራ ይሰበስባል፣ ላብረቀርቅልህ ብለው ችግሩን እያባሱብኝ ነበር ማለት ነው።

ወደ መስታወቱ ስንመጣ፣ ፀሀይ ላይ አይጸዳም፣ ማጽጃው ሳይጠረግ ይደርቅና እሱ ራሱ ሌላ መስመር ይሆናል። የዱቄት ሳሙናም በደንብ ካልታጠበ እንደዛው። መስታወቱን አራት ጣት ያህል ዝቅ አድርጋችሁ የላይኛውን ጠርዝ መጀመሪያ ጥረጉ፣ ሁሌ የሚረሳው እሱ ነው፣ ከላይ ያለው የበሩ ፍሬም ጎማ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ዝቅ ሲል ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ ያስፈልጋል፣ አንዱ እርጥብ አንዱ ደረቅ፣ ሲታጠቡ የልብስ ማለስለሻ አይነካቸው ምክንያቱም ማለስለሻው መስታወት ላይ ይቀራል። እና በጣም የጠቀመኝ ነገር፣ በውስጥ በኩል ወደ ጎን በውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች ነው የምጠርገው፣ መስመር ከቀረ በየትኛው በኩል እንደሆነ አቅጣጫው ይነግረኛል።

በውስጥ በኩል ያለው ጭጋግ የመሰለ ነገር ሌላ ነው፣ መኪናው ፀሀይ ላይ ሲውል ከዳሽቦርዱ ፕላስቲክ የሚተን ቅባት ነው፣ ውሀ አያስለቅቀውም። ከፋርማሲ የሚገዛ 70 ፐርሰንት አልኮል ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጎ መጥረግ ይበቃል፣ መስታወቱ ፊልም የተለጠፈበት ከሆነ ግን ለዘብ ባለ የሳሙና ውሀ ይሻላል። ለእጅ የምንጠቀመው ዝልግልግ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ግሊሰሪን ስላለው ያዝረከርከዋል። ውሀ ደርቆ የሚተወው ነጭ ነጠብጣብ ደግሞ ካልሲየም ነው፣ አቼቶን በእኩል ውሀ አቅጥኖ ጨርቅ ነክሮ ሁለት ሶስት ደቂቃ ለጥፎ ማቆየት፣ ከዛ በንጹህ ውሀ ማለቅለቅ።

አሁን ጎማውን በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ነው የማጸዳው፣ ክረምት ላይ በወር አንዴ ይበቃል። መኪናው አቧራ ለብሶ ካደረ ጠዋት መስታወቱን አላወርድም፣ መጀመሪያ ውሀ አፈስበታለሁ። የሹፌሩ በር ላይ አንድ የድሮ ጭረት ቀርታለች፣ ጥፍር ሲሄድባት ቀጭ ይላል፣ እሷን መስታወቱን ከመቀየር ውጪ የሚያጠፋት የለም። ከስፖኪዮው ወደ ኋላ ስለሆነች እይታዬን አትጋርድም፣ ለጊዜው ትቻታለሁ።