ኮንክሪት ሳይፈስ ዲዛይን ማስቀየር

የወረዳ መሐንዲስ ሥራው በአብዛኛው ሌላ ሰው የሠራውን ዲዛይን ማስፈጸም ነው። የጤና ጣቢያችን ፕላንም ከላይ ተዘጋጅቶ ነው የመጣልን። ስታንዳርድ ዲዛይን ነው። ደጋም ይሁን ቆላ፣ ድንጋይም ይሁን ጭቃ፣ ያው አንድ ፕላን። ይህ በራሱ ክፋት የለውም፤ ለየግንባታው አማካሪ ቀጥሮ አዲስ ከማሠራት ይረክሳል። ችግሩ መሠረቱም አብሮ ስታንዳርድ ሆኖ መምጣቱ ነው።

የተሰጠን ቦታ ዋልካ ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በየካቲት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ፕላኑ ላይ ያለው የድንጋይ መሠረት ደግሞ እዚያው ዋልካው ውስጥ ያልቃል። አጠገባችን የሚያርሱ አንድ አባት ቁፋሮውን አይተው፣ «ልጄ፣ እዚህ ጤፍና ሽምብራ እንጂ ቤት አይበቅልም» አሉኝ። ቦታው ለምን ባዶ ሆኖ እንደጠበቀን ያኔ ገባኝ።

ግን «አንድ አባት እንዲህ አሉ» ተብሎ ደብዳቤ አይጻፍም። ናሙና ወደ ላብራቶሪ ላክን። ውጤቱ እስኪመጣ ቀላሉን ሙከራ ቢሮ ውስጥ ሠራሁት። ደርቆ የተፈጨና በወንፊት ያለፈ 10 ሚሊ ሊትር አፈር፣ ቁጥር ባለው የመስታወት ሲሊንደር ውሃ ውስጥ ተጨምሮ ያድራል። በማግስቱ 19 ላይ ደርሷል። እብጠቱ ከ50 በመቶ ካለፈ አፈሩ ያሰጋል ይባላል፤ የእኛ 90 መሆኑ ነው። ሲሊንደሩን ይዤ አስተዳዳሪው ቢሮ ገባሁ። እውነት ለመናገር በኋላ የመጣው ሪፖርት የዚያን ያህል አላሳመነም።

የቀረው ክርክር ስለ አፈር ሳይሆን ስለ ሰኔ 30 ነበር። በጀት ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል። ተቋራጩም፣ «ኢንጂነር፣ ዲዛይኑ የእኔ አይደለም፤ የተሰጠኝን ልሥራና ክፍያዬን ልውሰድ» ይላል። ውሉን ካየን እውነቱን ነው፤ ዲዛይኑን ያቀረበው አሠሪው ነው። ስለዚህ ከእሱ ጋር መጨቃጨቁን ትቼ ስጋቱን በደብዳቤ እንዲያሳውቀን ጠየቅሁት። አሳወቀ። ዲዛይኑን የላከልን ቢሮ በስልክ ስንለምነው «እናያለን» እያለ ነበር የከረመው። ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከላብራቶሪ ውጤቱ ጋር ሲደርሰው ባለሙያ ላከ።

ማሻሻያው ዋልካውን አንስቶ እስከ ጠንካራው አፈር መውረድ፣ የተነሣውን በሰሌክት (ተመርጦ በሚመጣ የማያብጥ አፈር) እየጠቀጠቁ መተካት፣ የሕንፃውን ዙሪያ መንጠፍ፣ የጣሪያውን ውሃ ከመሠረቱ አርቆ በቦይ ማስወጣት ነበር። መጠባበቂያው ለዚህ አልበቃም። አጥሩንና የጥበቃ ቤቱን ወደሚቀጥለው በጀት ዓመት አሻገርን። የጤና ኃላፊው «ፍየል ይገባበታል» ብለው ተከራከሩ። ይግባ አልን።

ዲዛይኑ ከተከፈተ አይቀር ብዬ ፕላኑን ለአዋላጅ ነርሷ ዘረጋሁላት። ጣቷን ኮሪደሩ ላይ እያስኬደች፣ «አልጋው ማዋለጃ ክፍል የሚገባው በየት ዞሮ ነው?» አለችኝ። ለካ በር የተባለው ቦታ ላይ የሚገፋ አልጋ አይታጠፍም። መግቢያው ላይም ደረጃ እንጂ ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መውጫ፣ የለም። ያኔ የምንሠራበት የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ደግሞ የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር ለሚንቀሳቀስ ሰው መግቢያ እንዲኖረው ያዝ ነበር። ግድግዳው ገና ስላልቆመ በሩን ማዛወር ምንም አላስወጣንም። ፕላን ለማጽደቅ ኮሚቴ ሲሰበሰብ አዋላጇ ለምን እንደማትጠራ እስካሁን አይገባኝም።

ሁሉም አልጋ በአልጋ ነበር ማለት አይደለም። የመሠረቱ ሥራ ክረምቱን አሳልፎ ነው የቀጠለው። የተረፈው ገንዘብ ተመላሽ ሆነ፤ አስተዳዳሪው በዞን ግምገማ «ዝቅተኛ አፈጻጸም» ተባሉ። ዲዛይን የሚያስቀይር ባለሙያ አለቃው የሚከላከልበትን ወረቀት አብሮ ማዘጋጀት አለበት። እኔ ቃለ ጉባኤውን፣ የተቋራጩን ደብዳቤና የአፈር ውጤቱን በአንድ ፋይል አድርጌ ሰጥቻቸው ነበር። በዚያው ፋይል ተከራክረው በሐምሌ በጀቱን መልሰው አስያዙት።