«አጥፍቼው ነው የሄድኩት»

ይህን ታሪክ ሳወራ ሁሌ የምጀምረው ከፍጥነቱ ነው። የተበላሁት እዚያ ላይ ነዋ።

የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ነው። ከዊንዶውስ 7 ወደ 10 የተሻገርነው በመጨረሻው ሰዓት ነው። ማይክሮሶፍት ለ7 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 እንደሚያቆም ከዓመታት በፊት የታወቀ ነገር ነው። እኛ የባነንነው ዲሴምበር ላይ። ሁለት ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ውስጥ አድረን ማሽኖቹን ሁሉ ከዜሮ ጫንን። ሃርድ ዲስኮቹ እነዚያው አሮጌዎቹ ናቸው፣ ፈጣኑን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ የሚገዛ አልተገኘም። የመጀመሪያው ሳምንት እንደሚጠበቀው ነበር። ኮፒ ማሽኑ ስካን ያደረገውን ወደ ሼርድ ፎልደር መላክ አቃተው፤ ኤስኤምቢ 1 የሚባለው የድሮ ፋይል መለዋወጫ ዘዴ ነበር ጣጣው፣ አለፈ። የኮንትሮል ፓነል ግማሹ ወደ ሴቲንግስ ሄዶ ግማሹ እዚያው ስለቀረ እኛ ራሳችን ስንት ጊዜ እንደጠፋን አላወራም።

ፍጥነቱ ግን! 7 ላይ ማሽኑን አብርተህ፣ ቦርሳህን አስቀምጠህ፣ ከሁለት ሰው ጋር ሰላምታ ተለዋውጠህ ስትመለስ ገና እየተሽከረከረ ነው። 10 ግን በዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ ሳትቀመጥ ይከፈታል። እኔም በየክፍሉ እየዞርኩ እንደ ራሴ ሥራ ጎረርኩበት።

የሒሳብ ክፍሏን ኃላፊ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ጀምሮ እዚያው ወንበር ላይ ናቸው። ማሽናቸውን አጥፍቼ አበራሁላቸውና ፊታቸውን ማየት ጀመርኩ።

«ፈጠነሳ» አሉ፣ ደስ ሳይላቸው።

«ምነው እትዬ፣ አያስደስትም?»

«የሞተ እንዲህ አይነሳም። ይኼ ያሸለበ ነው።»

ሳቅኩ። ለክፍላችን ልጆችም ሄጄ እንደ ቀልድ አወራሁት። ለሁለት ሳምንት «ያሸለበ ነው» እየተባባልን ስንስቅ ከረምን።

ከዚያ የእትዬ ስካነር መጥፋት ጀመረ። ዩኤስቢው እንደተሰካ ነው፣ መብራቱ በርቷል፣ ዊንዶውስ ግን አያየውም። ይደውሉልኛል። «አጥፍተው አብርተውታል?» እላለሁ። «ማታ አጥፍቼው ነው የሄድኩት፣ ጠዋት አበራሁት፣ ያው ነው» ይላሉ። እወጣለሁ፣ ሪስታርት አደርገዋለሁ፣ ስካነሩ ይመጣል፣ እወርዳለሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና። ይህን «ሲያስቸግርዎ አጥፍተው ያብሩት» የሚለውን መድኃኒት ያስተማርኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ፣ በ7 ዘመን። ያኔ እውነትም ይሠራ ነበር። ስለዚህ አሁን አልሠራ ሲል አንድ ነገር ብቻ ነው የታየኝ፦ ሴትዮዋ ስክሪኑን አጥፍተው ነው የሚሄዱት።

በሦስተኛው ጊዜ ሥራ አስኪያጁ እዚያው ቆመው ሪፖርት ይጠብቁ ነበር። የተሰበሰበ ሰው ሲያይ አንደበቱ የሚከፈት ዓይነት ሰው ነኝ። ታስክ ማናጀርን ከፈትኩ፣ ፐርፎርማንስ፣ ሲፒዩ፣ አፕ ታይም፣ ማሽኑ ከተነሳ የቆየበት ጊዜ ማለት ነው። 19 ቀን ከ6 ሰዓት። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት።

«እትዬ፣ ይኼ ማሽን ከጠፋ 19 ቀኑ ነው።»

«ትናንት ማታ አጥፍቼዋለሁ።»

«ይኸው ቁጥሩ። ኮምፒውተር አይዋሽም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔስ?»

እዚህ ጋ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። «እርስዎ ይረሳሉ» አልኩ፣ ለስለስ ያደረግኩት መስሎኝ። እስከ ዛሬ ሌሊት የምታባንነኝ ያቺ ቃል ነች። ውሸታም ብላቸው ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ይቆጡኝ ነበር።

ከመሳቢያቸው ደብተር አወጡ። በየቀኑ ከመውጣታቸው በፊት ካዝና ተቆለፈ፣ ማኅተም ገባ፣ ኮምፒውተር ጠፋ እያሉ ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ አጠገቡ ይፈርማሉ። አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም። «ልጄ» አሉ፣ «ሁለት መዝገብ አልገጥም ሲለኝ ገንዘብ ያዡን ሌባ አልልም። መጀመሪያ አመዘጋገቡን ነው የማየው።»

ሥራ አስኪያጁ ግን «እንግዲህ ማሽኑ ተናግሯል» ብለው ወጡ። በማግስቱ ማስታወሻ እንዳረቅ አዘዙኝ። «ሠራተኞች ከመውጣታቸው በፊት ኮምፒውተራቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲያጠፉ በጥብቅ እናሳስባለን።» ቆንጆ አድርጌ ጻፍኩት። «ሙሉ በሙሉ» የምትለዋም የኔ ነች።

ማስታወሻው በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን ቤቴ ሆኜ የራሴን ላፕቶፕ ከፈትኩ። ሌላ ነገር ፈልጌ ታስክ ማናጀር ውስጥ ገባሁ። አፕ ታይም 11 ቀን ይላል። ከቢሮ ስወጣ አጥፍቼ ነው ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት፣ እርግጠኛ ነኝ። አጠፋሁት። አበራሁት። 11 ቀን። ሪስታርት አደረግኩት። ዜሮ። ላብ አጠመቀኝ።

ነገሩ ፋስት ስታርታፕ ይባላል። የመጣው በዊንዶውስ 8 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2012። 7 ላይ «ሻት ዳውን» ስትል ፕሮግራሞችህም ይዘጋሉ፣ የዊንዶውስ እምብርት የሆነው ከርነሉና እንደ ስካነር ያሉ ዕቃዎችን የሚያናግሩት ድራይቨሮቹም አብረው ይሄዳሉ፣ ጠዋት ሁሉም ከባዶ ይነሳል። ከ8 ጀምሮ የአንተን ፕሮግራሞች ዘግቶ ያስወጣህና ከርነሉንና ድራይቨሮቹን ግን በነበሩበት ሁኔታ ዲስክ ላይ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣቸዋል፣ ልክ እንደ ሃይበርኔት። ጠዋት ያንን ፋይል አንብቦ ይቀጥላል። የሚፈጥነው ለዚህ ነው። የተንጋደደ ድራይቨር ካለም እንደተንጋደደ ያድርና እንደተንጋደደ ይነሳል። ከባዶ የሚያስጀምረው ሪስታርት ነው። ወይ ደግሞ ሺፍትን ተጭነህ ይዘህ ሻት ዳውንን መንካት። ቆጣሪውም የሚቆጥረው ከርነሉን ስለሆነ ማታ ማታ አጥፍተኸው የሄድከውን ማሽን እንደበራ ይቆጥረዋል። እንግዲህ የእትዬ ደብተርም የኔ ቁጥርም ልክ ነበሩ። ልክ ያልሆንኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ያናደደኝ ደግሞ ይህ ምስጢር አለመሆኑ ነው። ሰነዱ ላይ አለ፣ ሴቲንጉም አለ። እኛ ግን እንደ ብዙ ሰው 8ን ስታርት በተኑን አጣን ብለን ስቀንበት ዘለልነው፣ ስለዚህ ከ8 ጋር የመጣውን አላየንም። ለሥራ አስኪያጁ 7ን ከ10 ጋር ያወዳደርኩበት ባለ ሁለት ገጽ ሰንጠረዥ ነበረኝ፤ መልኩ፣ ደህንነቱ፣ ዲፌንደሩ፣ ምኑ ቅጡ። አዲስ የመጣና የቀረ ነገር ሁሉ ተዘርዝሯል። «ሻት ዳውን» ግን በሁለቱም ላይ በዚያው ስም ተቀምጧልና ማን ልብ ይበለው። እሳቸው ሰንጠረዥ ሳያዩ በአንድ ጠዋት ጠረጠሩት። እኔ ተሰብስቤ ሳቅኩበት።

ይቅርታ ጠይቄያለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ያደረግኩት ይሄ ነው፦ በማግስቱ በጠዋት ገብቼ እሳቸው ሳይመጡ ከፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርታፕን አነሳሁት። ሲገቡ «አስተካክዬዋለሁ» አልኩ። «ምን ነበር?» አሉ። «ትንሽ ሴቲንግ ነች» አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ስካነሩ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም። ለሥራ አስኪያጁ ግን ሄጄ ነገርኳቸው፣ «ታዲያ ማስታወሻው ምን አጠፋ?» አሉኝ። አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ጠርዙ ቢጫ ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰው አምናለሁ? ባለፈው አንድ አዲስ ልጅ «አጥፍቼ አብርቼዋለሁ» ሲለኝ አፌ «እሺ» እያለ እጄ ታስክ ማናጀር ላይ ነበር።

10ም በተራው ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ድጋፉ ሲያበቃ የእትዬ ማሽን ለ11 አልበቃ አለ። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ የለው፣ ፕሮሰሰሩም ያረጀ ነው። አዲስ ኤስኤስዲ ያለው ማሽን መጣላቸው፣ ጡረታቸው ስድስት ወር ሲቀረው። ኤስኤስዲ ላይ ያ ሁሉ ማሸለብ ብዙም የሚያተርፈው ጊዜ የለም፤ 11 ግን አሁንም ፋስት ስታርታፕ እንደበራ ይመጣል። ቀድሜ አጥፍቼው ነው የወሰድኩላቸው። ስለ መልኩ ምንም አልጠየቁኝም። ስታርት በተኑ ወደ መሃል መሄዱንም ያዩት አልመሰለኝም።

«ይኼኛውስ ሲያጠፉት ይጠፋል?»

«ይጠፋል እትዬ።»

«አሳየኝ።»

አጠፋሁት። አበራሁት። ታስክ ማናጀርን ከፍቼ ስክሪኑን አዞርኩላቸው። አንድ ደቂቃ ከ12 ሰከንድ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብተራቸውን አወጡ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፉ። ከዚያ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርገው እስክሪብቶውን ሰጡኝ።

«በል ፈርም።»