ደሴ ላይ የሚሮጥ ሰው መቼ ይረፍ?

ሩጫ የጀመረ ሰው ሁሉ «በሳምንት ስንት ቀን ልሩጥ?» ይላል። «ስንት ቀን ልረፍ?» የሚል ብዙም አይገኝም። ደሴ ላይ ግን ሁለተኛው ጥያቄ ይብሳል፤ እዚህ ከተማ ሳይሮጡ ቢውሉም እግር አያርፍም። ቤቱ ከጦሳ ተራራ ግርጌ የሆነ ሰው ገበያ ወርዶ፣ ዕቃ ተሸክሞ ዳገቱን ሲመለስ፣ ሜዳ አገር ያለ ሰው ስፖርት ብሎ የሚሠራውን ያህል ሠርቷል። ያንን ቀን «ዛሬስ አረፍኩ» ብሎ ቆጥሮ በማግስቱ ጠንካራ ልምምድ ሲወጣ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን። ይህ በ3 ወይም በ4 ቀን ተከፋፍሎ በደንብ ይሞላል። በየቀኑ ካልሮጥኩ የሚለው ግዴታ ከየት እንደመጣ እንጃ።

ዋናው ጣጣ የሰውነት ክፍሎች እኩል አለመጠንከራቸው ነው። ልብና ትንፋሽ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻሻላሉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቆሞ ያለከልክ የነበረ ሰው በአራተኛው እያወራ ይሮጣል። ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አጥንት አዲስ ጫና ሲበዛበት አሮጌው ክፍል መጀመሪያ ይነሳል፣ አዲሱ ቆይቶ ይተካል፤ ዑደቱ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። ስለዚህ ትንፋሹ «ጨምር» በሚልበት በዚያው ሰሞን ቅልጥሙ ገና አልጠነከረም። የብዙ ጀማሪ ቅልጥም ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ መታመም የሚጀምረው ከዚህ የተነሳ ነው፤ ጫማው ብቻ አይደለም ጥፋተኛው።

ከፍታው ደግሞ አለ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት፣ ከእሱም ጋር በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን፣ ከባሕር ዳርቻ ከተማ በሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚያ የሚጎድለው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ከኢንተርኔት የወረደ የሩጫ ፕሮግራም «ኪሎ ሜትሩን በ6 ደቂቃ፣ ዘና ብለህ» ካለ፣ የተጻፈው ምናልባት በባሕር ጠለል ላይ ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ ያ ፍጥነት ዘና አያደርግም። በፍጥነት ሳይሆን በትንፋሽና በልብ ምት መመራት ይሻላል።

ቀላሉ መለኪያ ወሬ ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻላችሁ ቀላል ሩጫ ነው፤ ሦስት አራት ቃል ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጠንካራ ነው። በቁጥር ለሚፈልግ፦ ዕድሜን በ0.7 አባዝቶ ከ208 መቀነስ ከፍተኛውን የልብ ምት በግምት ይሰጣል። የ35 ዓመት ሰው 183 ገደማ ይመጣለታል፤ ቀላል ሩጫው ከ60 እስከ 75 በመቶው፣ ማለትም በደቂቃ ከ110 እስከ 137 ባለው ውስጥ ይሁን። ደሴ ላይ በዚህ ልክ ለመቆየት ብዙ ጀማሪ ዳገት ሲደርስ መራመድ አለበት። ይራመድ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሳምንቱን ጊዜ ከአምስት አራቱን እጅ በዚህ ቀላል ደረጃ ያሳለፈ ሰው የሚያስፈልገው የዕረፍት ቀን ያንሳል።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ወደ ላይ መሮጥ ልብን ያስጨንቃል እንጂ ጡንቻን ብዙም አይጎዳም። ቁልቁል ሲሮጥ ግን የፊት ጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ክብደትን ይዞ ያቆማል፤ ጡንቻን ከሁሉ በላይ የሚሰነጣጥቀው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ተንኮሉ ደግሞ ወዲያው አለመታወቁ ነው። ልብ አይደክምም፣ ትንፋሽ አይቆረጥም፣ ሰውየው «በጣም ቀላል ነበር» ብሎ ይተኛል። ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጠነክራል፤ ደረጃ መውረድ ያኔ ፈተና ነው። ከደሴ በሐረጎ በኩል ኮምቦልቻ ድረስ ልሩጥ የሚል ሰው አይጠፋም፤ «ቁልቁል ነው፣ ምን አለው» እያለ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የከፍታው ልዩነት ከ600 ሜትር በላይ ነው። ላልለመደ እግር ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ ሩጫ የለም። ከእንዲህ ያለ ቁልቁለት በኋላ ሽንቱ ወደ ቡናማ ወይም ኮካ ኮላ የመሰለ ቀለም ከተለወጠ ዕረፍት አይበቃውም፤ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላልና በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ነው።

ደንቡ ታዲያ ቀላል ነው፦ በእግር ውጡ፣ በባጃጅ ወይም በታክሲ ውረዱ። መኪና ከሌለ በአጭር እርምጃ፣ ግራና ቀኝ እየጠመዘዛችሁ፣ በዝግታ ተራምዳችሁ ውረዱ። ቁልቁለት መልመድ የፈለገ ከ5 ደቂቃ ይጀምር፤ አንድ መጠነኛ ቁልቁለት ጡንቻውን ለሚቀጥሉት ሳምንታት ያዘጋጀዋል። ቁልቁል የሮጣችሁበትን ቀን ግን እንደ ጠንካራ ቀን ቁጠሩት፤ ከኋላው 2 ቀን ሩጫ አይኑር።

ቀኖቹን ማስቀመጥ ላይ ወሎ የራሷ ካላንደር አላት። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም አለ፣ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም አለ፤ እንደ ወሎ ወግ ሁለቱ ጎረቤት፣ አንዳንዴም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። አብረው መሮጥ ከፈለጉ ማንም የማይጾምባቸው ሦስት ቀናት ይተርፋሉ፦ ማክሰኞ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ለጀማሪና ለመካከለኛ ከዚህ የተሻለ ክፍፍል አይታየኝም። ማክሰኞ ዳገት፦ 10 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ ከዚያ 45 ሰከንድ ወደ ላይ፣ 2 ደቂቃ በዝግታ መራመድ፤ በ4 ዙር ጀምሮ በሳምንት አንድ እየጨመሩ እስከ 8። ቅዳሜ ረጅሙ፣ ከ40 ደቂቃ ተነስቶ በሳምንት 5 ደቂቃ እየጨመረ። እሑድ 25 ወይም 30 ደቂቃ ብቻ፣ እያወሩ። ረቡዕና ሐሙስ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ፦ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ በደረጃ ጫፍ ላይ ተረከዝን ከፍ ዝቅ ማድረግ፣ እያንዳንዱ 3 ጊዜ 12። ሰኞና ዓርብ ሙሉ ዕረፍት። በየአራተኛው ሳምንት ጠቅላላውን ደቂቃ በሲሶ ቀንሱ፤ «እየተሻሻልኩ ሳለ ለምን?» የሚለው ስሜት የሚመጣው ልክ በዚያ ሳምንት ነው፤ አትስሙት።

ፍጥነት መሥራት የሚፈልግ በ15 ቀን አንዴ የማክሰኞውን ወደ ኮምቦልቻ ቢያወርደው ጥሩ ነው። ሜዳው ሰፊ፣ አየሩ ወፈር ያለ ስለሆነ እግር ደሴ ላይ የማይደርስበትን ፍጥነት ያገኛል፤ የአዲስ አበባ አትሌቶች ከእንጦጦ ወደ አቃቂ ወርደው የሚሠሩት በዚሁ ምክንያት ነው። 3 ደቂቃ ፈጣን፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ 5 ጊዜ። ከሙቀቱ በፊት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሩ።

ሙሉ ዕረፍት ማለት አልጋ ላይ መዋል አይደለም፤ ሜዳ ላይ 20 ወይም 30 ደቂቃ መራመድ የደም ዝውውርን ይረዳል። ነገር ግን ገመድ ዝላይ ዕረፍት አይደለም፤ ባትና የተረከዝ ጅማት ከሩጫ ባልተናነሰ ይሠራሉ። ቀኑን ሙሉ ቆሞ መዋልም፣ ቤት ቀይሮ ዕቃ ማመላለስም ዕረፍት አይደለም። እንዲህ ያለ ቀን በዕረፍት ቀን ላይ ከወደቀ ዕረፍቱን በአንድ ቀን ግፉት፣ የማግስቱን ሩጫ ዝለሉት።

ሰውነት ማረፉን ለማወቅ የጠዋት ልብ ምት ያህል ርካሽ መሣሪያ የለም። ከአልጋ ሳትነሱ፣ ሁለት ጣት ከአውራ ጣት በታች አንጓው ላይ፣ 30 ሰከንድ ቆጥሮ በ2 ማባዛት። የ7 ቀን አማካይ ያዙ። ከአማካዩ በ5 ከፍ ካለ የዚያን ቀን ሩጫ ቀላል ይሁን፤ በ8 ወይም በ10 ከፍ ብሎ ሁለት ጠዋት ከቆየ ዕረፉ። አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ምናልባት እንቅልፍ ማጣት፣ የማታው ጠላና ጠጅ፣ ወይም ሊጀምር ያለ ጉንፋን ነው።

ሕመምም ቋንቋ አለው። በሁለቱም እግር የተሰራጨ፣ ሲሟሟቅ የሚለቅ ሕመም የጡንቻ ድካም ነው፤ በቀላል እንቅስቃሴ ይሄዳል። በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ አጥንት ላይ ያለ፣ በአንድ እግር ብቻ የሆነ፣ ሲሮጡ የሚጨምር፣ ሌሊትም የሚያነቃ ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። በማሸት አይድንም፤ ወጌሻ ጋር ሳይሆን ሐኪም ጋር ሂዱ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል «ምንም የለም» ተብሎ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሳችሁ ታዩ።

አንዳንዱ ድካም ደግሞ በዕረፍት አይለቅም። በቂ አርፎ፣ በቂ ተኝቶ ዳገቱ ከሳምንት ሳምንት የሚከብደው ሰው፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ የደም ማነስና የብረት ክምችት ትመርመር። ከፍታ ላይ ሰውነት ብዙ ቀይ ደም ስለሚሠራ ብረት ይፈልጋል። እኛ ደግሞ ምሳ እንደተነሳ አቦል እንቀዳለን፤ ቡናና ሻይ ከምስርና ከጤፍ የሚገኘውን ብረት ያግዳሉ። ቡናውን ተው የሚል ወሎ ላይ ሰሚ የለውም፣ እኔም አልልም፤ አንድ ሰዓት ብቻ ይዘግይ። ሳይመረመሩ የብረት ክኒን መዋጥ ግን አያስፈልግም።

በዕረፍት ቀን ምግብ መቀነስ የተለመደ ስሕተት ነው። ጡንቻ ውስጥ ያለቀው ስንቅ ለመሞላት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይወስዳል፤ የሚሞላውም በዚያ ቀን ነው። እንጀራው፣ በሶው፣ ድንቹ አይቀነስ። ፕሮቲን በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም፣ ለ60 ኪሎ ሰው ከ72 እስከ 96 ግራም ነው፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ይሰጣል፣ ስለዚህ በጾም ወራት ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በየማዕዱ መደጋገም አለባቸው።

በረመዳን ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ሩጡ። ቀላሉን ከአፍጥር በፊት 30 ደቂቃ፣ ሲያልቅ ውሃው ደጅ ላይ እንዲሆን፤ ጠንከር ያለውን ካፈጠሩ ከ2 ሰዓት በኋላ። ዓቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የሚያውልም እንደዚሁ ከማዕዱ በፊት ባለው ሰዓት ይሥራ። ሁለቱም ላይ ርቀት አይጨመርም።

ታሞ ወይም ተጎድቶ የቆየ ሰው የቀሩትን ቀናት አይደምር። ትኩሳት ከነበረ፣ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ 2 ቀን ይለፍ። አንድ ሳምንት ያቋረጠ ከበፊቱ ደቂቃ በግማሹ ይመለስ። አንድ ወር ያቋረጠ ሜዳ ላይ 4 ደቂቃ እየተራመደ 1 ደቂቃ ይሩጥ፣ 5 ጊዜ፣ በመካከሉ አንድ ቀን እየዘለለ፤ ቅልጥሙን ካላመመው በሚቀጥለው ሳምንት 3 በ2፣ ከዚያ 2 በ3። ዳገቱን በአራተኛው ሳምንት ይጀምረዋል፣ ሲመለስም በባጃጅ።