ከፒያሳ ዝቅ የሚል ተራራ

ቀኑ ተቆርጧል። የኖቬምበር ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። አምስት ሆነን ሬድ ሮክ ካንየን በሚባለው የበረሃ ሸለቆ ውስጥ ያለውን ተርትልሄድ ፒክ የተባለ ተራራ ልንወጣ ነው። ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ፣ ከከተማው መሃል በመኪና ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። እዚህ ለምትኖሩ ሐበሾች ቦታው አዲስ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣብን ብዙዎቻችን ወስደን ፎቶ እናስነሳበታለን። ከመኪና ወርዶ ፎቶ መነሳትና ጫፉ ላይ መውጣት ግን ለየቅል ናቸው። ዕቅዳችንን የማካፍላችሁ ባለፈው ግንቦት ያለ ዕቅድ ሄደን የደረሰብን ነገር በእናንተ እንዳይደርስ ብዬ ነው።

የተራራው ከፍታ 1,927 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ያለችው 2,355 ሜትር ላይ ነው፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ያልፋል። ማለትም ጫፉ ላይ ስትደርሱ እንኳ ከፒያሳ በብዙ ዝቅ ብላችሁ ነው የምትቆሙት። ይሄን ቁጥር ስናይ ሁላችንም ልባችን አበጠ። «እኔ እኮ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ዳገት እየወጣሁ ነው ያደግሁት» አለን በዕድሜ ታላቃችን የሆነውና ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው። እውነቱን ነው። የደጋ ልጆች ነን። ተራራው ግን የደጋ ተራራ አይደለም። ደግሞም ስንት ዓመት ሙሉ 600 ሜትር ላይ ባለች ከተማ፣ ኤሲ ውስጥ እየኖርን፣ ያ የልጅነት ሳንባ እንዳለ ይጠብቀናል ማለት ይከብዳል።

ግንቦት ላይ የሄድነው አራት ሆነን ነበር። ሁለቱ የሌሊት ሺፍት ሠርተው በቀጥታ ነው የመጡት። ቁርስ ማኪያቶ ብቻ። መንገድ የጀመርነው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ፣ በነፍስ ወከፍ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ውሃ ይዘን ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ውሃው አለቀ። አንዱ ጓደኛችን ወሬ አቆመ፤ ደክሞት ነው ብለን ተውነው። ቆይቶ እግሩን ይይዘው ጀመር፣ ከዚያ አስመለሰው። ጫፉ ሳንደርስ ተመለስን። ከላይ ይወርዱ የነበሩ ሁለት የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው ጥላ ፈልገው ያስቀመጡልን፣ ውሃና በውሃ የሚበጠበጥ ጨው ያለው ዱቄት የሰጡን። ከሰውነታቸው ከፍለው እንደሰጡን ነው የምቆጥረው።

ማታ ሲሻለው «መቼ ነው የጀመረህ?» አልነው። «ገና ከመኪናው ብዙም ሳንርቅ ራሴን ያመኝ ነበር» አለ። ታዲያ ለምን አልተናገርክም? «በእኔ ምክንያት እንዳትቀሩ ብዬ።»

ይሄ መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። የውሃ ማነስ ቀላል ነው፣ ገዝተህ ትጨምራለህ። ይሉኝታ ግን ከቦርሳ አውጥተህ የምትጥለው ነገር አይደለም። ስለዚህ በዚህኛው ዕቅድ መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ውሃ ሳይሆን ስለ ይሉኝታ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ሁላችንም እንቆማለን፣ እያንዳንዱ ሰው ይጠየቃል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» መልስ አይሆንም፤ እሱን ሆስፒታል ተኝተንም እንለዋለን። ምን ያህል ጠጣህ? ሽንት ከሸናህ ስንት ሰዓት ሆነህ? ራስህን ያምሃል? አንድ ሰው «በቃኝ» ካለ አምስታችንም እንመለሳለን። ማንም ጥላ ስር ተቀምጦ «እናንተ ውጡ፣ እዚሁ እጠብቃችኋለሁ» አይልም፣ ቢልም አንሰማውም። ይሄን ቤት ቁጭ ብለን፣ ቡና እየጠጣን ነው የተስማማንበት። ዳገት ላይ ጫፉ እየታየ እንዲህ ያለ ስምምነት ላይ መድረስ አይቻልም።

መመለሻ ሰዓቱም አስቀድሞ ተቆርጧል። በእኛ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት። የትም እንሁን የት፣ ጫፉ ሃምሳ እርምጃ ቢቀረውም ያኔ ፊታችንን እናዞራለን። አደራ፣ ሰዓት ስትቀጣጠሩ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ ተነጋገሩ። እኛ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ሁለቱንም እየጻፍን ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መራመድ መጀመር አለብን፣ ጋሼ ደግሞ አንድ ሰዓት ሲባል ከቀኑ 7 እንዳይመስለው።

ኖቬምበርን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። እዚህ ከተማ ጁላይ 7 ቀን 2024 የተመዘገበው ሙቀት 48.9 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር፣ የከተማዋ ክብረ ወሰን ነው። በበጋ በዚህ በረሃ ተራራ መውጣት ጀግንነት አይደለም። ሌክ ሚድ የሚባለው ሐይቅ አካባቢ ያሉ አንዳንድ የካንየን መንገዶች እንዲያውም በሙቀቱ ምክንያት በጋውን ሙሉ ይዘጋሉ። ኖቬምበር ላይ የሚያሳስበን ብርሃኑ ነው። ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ የሚመለስበት የአሜሪካ የሰዓት ለውጥ ካለፈ በኋላ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው፣ የሬድ ሮክ የመኪና መንገድ ደግሞ በዚያ ወር 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከኦክቶበር እስከ ሜይ መጨረሻ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ለመግባት በኢንተርኔት ቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል። በሩ 12 ሰዓት ላይ ስለሚከፈት እኛ ቀደም ብለን እንገባለን። የመኪና መግቢያው 20 ዶላር ነው። የመኪናው መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ሲሆን 13 ማይል ይረዝማል፤ ማቆሚያችሁን ካለፋችሁት ዙሩን ጨርሳችሁ ነው የምትመለሱት።

አሁን ውሃ። በሰው አራት ሊትር፣ መኪና ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ። የበረሃ አየር ተንኮለኛ ነው፤ ላባችሁ ቆዳችሁ ላይ ሳታዩት ይተናል፣ ስለዚህ ያላባችሁ ይመስላችኋል። ዝም ብሎ ውሃ ብቻ መጋትም አደጋ አለው፣ ከላቡ ጋር የወጣው ጨው ካልተተካ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይወርዳል፣ ያኔም ራስ ምታትና ማስመለስ ይመጣል። የገበያውን የጨው ዱቄት ገዝተናል፤ ዋናው ስንቃችን ግን በሶ ነው። በሶ ጨው ጣል አድርጋችሁ በውሃ ስትበጠብጡት ምግብም መጠጥም ነው፣ አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል። ዳቦ ቆሎና ቴምርም አለ። ቆሎ ላይ ተከራክረን ነበር፣ ደረቅ አፍ ላይ አይወርድም ብዬ እኔ ተቃወምኩ። እሺ ብለውኛል። የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት የሆነውም ታስቦበት ነው፤ ውሃ ሳይቀምሱ ውሎ እዚህ ዳገት መውጣት አይታሰብም።

መንገዱ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ላይ 600 ሜትር ያህል ያስወጣል። የሚነሳው ሳንድስቶን ኳሪ ከሚባለው ቦታ ነው። ከ1905 እስከ 1912 ድንጋይ ይፈለጥበት ነበር፣ ትልልቆቹ ጥርብ ድንጋዮች አሁንም እዚያው ተደርድረው አሉ። መጀመሪያ ላይ ቀዩ አሸዋማ ድንጋይ ነው፣ ጫማ ይይዛል፣ ደስ ይላል። ከዚያ ግን ቀለሙ ግራጫ ይሆናል። ይሄ ግራጫ በሃ ድንጋይ ከቀዩ በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት የሚበልጥ የጥንት ባሕር ወለል ነው። የዛሬ 65 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ምድር ተገፍታ አሮጌውን በአዲሱ ላይ ጫነችው። ይሄን ካወቅሁ በኋላ ያንን መስመር በማየቴ ብቻ ደስ ይለኛል። ለእግር ግን መከራ ነው፤ ግራጫው ተሰባብሮ ኮረት ሆኗል፣ አንድ እርምጃ ወጥታችሁ ግማሹን ትንሸራተታላችሁ። ሁለቱን ከፍታዎች የሚያገናኘው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ እስክትደርሱ ድረስ ይሄው ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ጫፉ።

ሰው የሚጠፋው በአብዛኛው ሲወርድ ነው። ሰዎች እየረገጡ ያወጧቸው ብዙ የውሸት መንገዶች አሉ፣ ከላይ ሲታዩ ሁሉም እውነተኛ ይመስላሉ። ስለዚህ ስንወጣ በየመታጠፊያው ዞር እያልን ወደ ኋላ ፎቶ እናነሳለን፣ ስንመለስ የምናየው ያንን ስለሆነ። ስልክ ብዙ ቦታ ኔትወርክ የለውም፤ ካርታውን ቤት ሆነን አውርደናል። የራስ ባትሪ በየሰው አንድ። ሚዶም ይዘናል፤ አንድ ቁልቋል አለ፣ ነካ ስታደርጉት ቁርጡ ተነቅሎ ይለጠፍባችኋል፣ በእጅ ከነካችሁት እጅም ላይ ይተከላል፣ በሚዶ ፈንቅሎ ማንሳት ነው የሚሻለው። እጅ በማያዩት የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም፣ እባብ ሊኖር ይችላል።

ከዋናው ቀን ሁለት ሳምንት በፊት ለልምምድ እዚያው ያለውን አይስ ቦክስ ካንየን እንሄዳለን። ደርሶ መልስ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥላማና ቀዝቃዛ፣ ግን መኪና የሚያካክሉ ድንጋዮች ላይ በእጅም በእግርም መውጣት አለበት። አዲስ ጫማ የገዛ ሁሉ እዚያ ይፈትነዋል። ደመና ካለ ግን አንገባም። ካንየን ውስጥ እናንተ ላይ ጠብ ሳይል ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ደራሽ ውሃ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኛ አገር ክረምት ላይ ደረቅ ወንዝ ሲሞላ ያየ ሰው ይሄን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት ዝም አለች። በረሃ የሚለው ቃል ለእሷ ሌላ ነገር ነው፤ ልጆቻቸው በረሃ አቋርጠው ሄደው ድምፃቸው የጠፋባቸው ጎረቤቶች አሏት። ስንት ሆናችሁ ነው የምትሄዱት፣ ማን ያውቃል የት እንዳላችሁ፣ አለችኝ። ልክ ነበረች፣ ያንን አልጻፍኩም ነበር። አሁን ወረቀቱ ላይ የአምስታችን ስም፣ የመኪናው ታርጋ፣ የምንሄድበት መንገድና የምንመለስበት ሰዓት አለ። እህቴ ጋ ይቀመጣል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድምፄን ካልሰማች ለሁላችንም ትደውላለች፣ 11 ሰዓት ላይ ካልተገኘን ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ፣ ወደ 911።

ዓርብ ሌሊት ማንም ሺፍት አይገባም። ሁሉም ቀይሯል።

የግንቦቱ ጓደኛችንም አብሮን አለ። ፍጥነቱን እንዲወስን ከፊት የሚሄደው እሱ ነው።